በረቱ ላይ የጮኸው ቦርድ

ቀኝ እጄን የሰበረው ሕዝብ ነው ይላሉ። ሕዝብ እጅ አይሰብርም። እጅ የሚሰብር ሰው ነው፤ ሰው ደግሞ ስም አለው። የእኔን እጅ የሰበረው ያባቴ ወንድም ልጅ አንዱአምላክ ነው።

ደብረ ታቦር መናኸሪያው ጀርባ ሬድዮና ስልክ እጠግናለሁ። ትምህርቴ ስምንተኛ ላይ ቆሟል፤ ማን እንዳስቆመው አውቃለሁ፣ ዛሬ ግን እሱን አላነሣም። ሥራዬ የካውያ ነው፤ እርሳስ አቅልጬ የተበጠሰውን ሽቦ አጣብቃለሁ። የብረት ሠሪዎች አገር ጋፋት ለተወለደ ሰው ብረት ቢያቀልጥም እርሳስ ቢያቀልጥም ስሙ አንድ ነው፤ ቀጥቃጭ። ወንዛዬ ከሚባል አገር ልጅ ታጭታልኝ ነበር። አባቷ ዘንድ ሄዶ «ያ ሰውዬ እኮ እሳት ላይ ነው የሚውል፤ ዓይኑን ተጠንቀቁት» ያለው አንዱአምላክ ነው። እሱ የአንድ አያት ልጅ ቢሆንም ሞፈር ስለ ጨበጠ ያ ስም አልደረሰበትም። ልጅቷን ከለከሉኝ፤ ይኸው ፀጉሬ ሸበተ። እሱ ግን በሠርጉ ቀን ድምፅ ማጉያው ቢበላሽበት የጠራው እኔን ነው። ሄጄ ሠራሁለት። ሲያበሉኝ በጓሮ በኩል ነው ያበሉኝ።

እኅቴ ዝናሽ ባሏ ከሞተ ወዲህ ጋፋት ላይ ብቻዋን ናት። ሁለት በሬ ነበራት፤ ወይኖና ጎሹ። ክረምቱ ሲገባ የከብት ሌባ በዛ፤ እኔም ለበረቷ ማስጮኺያ ልሠራላት ተነሣሁ። ነገሩ ቀላል ነው። የበረቱ መዝጊያ ሲነካ ክር ይሳባል፣ ክሩ ሁለት ሽቦ ያነካካል፣ የጭነት መኪና ክላክስ ይጮኻል። አንዴ ከጮኸ ዝናሽ ቤት ውስጥ ያለውን ማጥፊያ እስክትጫን አይቆምም። ማጥፊያውን ቤት ውስጥ ያደረግሁት ሌባው እንዳያገኘው ብዬ ነው። የቀረኝ ዕቃዎቹን የምደረድርበትን ቦርድ መምረጥ ብቻ ነበር።

ምትኩ ሱቅ ሄድሁ። ምትኩ ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ ሥራ ሲያጣ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ከባሕር ዳር እያመጣ የሚሸጥ ነው። ሦስት ዓይነት ቦርድ ባንኮኒው ላይ ዘረገፈልኝ።

«ይኸ ነጩ ብሬድቦርድ ነው። እርሳስ አይፈልግም፤ ቀዳዳው ላይ ትሰካለህ፣ ካልጣመህ ትነቅላለህ።»

«አውቀዋለሁ።»

«ካወቅኸው እንግዲህ ለመሞከሪያ ነው ጌታው፣ ለመኖሪያ አይደለም። በረት ላይ አይሆንህም። ይኸኛው ጀርባው የመዳብ መስመር አለው፤ ባንዱ መስመር ላይ የበየድኸው ሁሉ የተገናኘ ነው። ይኸ ሦስተኛው ደግሞ ነጠላ ቀዳዳ ነው። እያንዳንዱ ቀዳዳ ለብቻው ነው፤ ሽቦውን አንተው ነህ እየዘረጋህ የምታገናኝ። ያደክማል፣ ግን ያላገናኘኸው ነገር አይገናኝም። ለአንተ ይኸን ነው የምመክርህ።»

«ማን ምክር ጠየቀህ?»

«ኧረ በል አትቆጣ፣ ስምንተኛ ክፍል ይኸን አያስተምሩም ብዬ ነው እኮ።»

ዕቃ ሊገዙ የቆሙ ተማሪዎች ሳቁ። ብሬድቦርዱን ገዝቼ ወጣሁ።

ሰክቼ ሰክቼ ምሰሶው ላይ ሰቀልሁት። ስሞክረው አገር ይያዝ አለ። ታዲያ ጎሹ አንገቱን በልቶት ምሰሶው ላይ ሲታከክ አንዷ ሽቦ ከቀዳዳዋ ወለቀች፤ ማንም አላየም። በዚያው ሳምንት ወይኖን ነዱት። ክላክሱ ትንፍሽ አላለም።

በማግሥቱ ሰዉ በረቱ ደጅ ተሰብስቦ ሲያዝን አንዱአምላክ ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ መጣ።

«የት አለ ያ የምሰሶው ዘበኛ? ሌባው ደመወዝ ጨምሮለት ይሆናል» አለና አሣቃቸው። ከዚያ ወደ እኅቴ ዞረ። «ዝናሽዬ፣ አንቺም አትድከሚ። መሬቱን ለእኔ በእኩል ስጪኝ፤ አርሼ ግማሹን ደጅሽ ድረስ አመጣልሻለሁ።»

«ጎሹ አለኝ» አለች ዝናሽ።

«ለጊዜው» አላት።

ነገሩ ይኸ ነው። አንድ በሬ ያለው ሰው አንድ በሬ ካለው ጎረቤቱ ጋር መቀናጆ ገብቶ ያርሳል። ባዶ እጁን ካለ ሰው ጋር ማንም አይቀናጅም። ጎሹ ከሄደ የዝናሽ መሬት ያንዱአምላክ እርሻ ይሆናል፤ ያመጣል የተባለው ግማሽ ደግሞ በየዓመቱ እያነሰ እያነሰ እንደሚሄድ ያላየን አይደለንም።

ምትኩ ዘንድ ተመለስሁ። አልሳቀም፤ አለመሳቁ ባሰብኝ። በዚህ ጊዜ መስመራሙን ገዛሁ። ነጠላ ቀዳዳውን የተውሁት እሱ ስለመከረኝ አይደለም፤ ጊዜ ስለሌለኝ ነው። መስመራሙ ቶሎ ያልቃል። ጥሩ አድርጌ በየድሁት። የጎሹ አንገት አይደለም፣ መዶሻ አይነቅለውም። በዱቄት ወተት ጣሳ ከትቼ ምሰሶው ላይ ቸነከርሁት።

ከዚያ ያ ቀን መጣ። ዝናቡ ሲያባራ ጉም ወረደ፤ ክንድህን ብትዘረጋ መዳፍህ አይታይህም። ፕላስቲክ ተከናንቤ ከከተማ በእግሬ ወጣሁ፤ ዝናቡ ገብቶበት እንደሆነ ላይ ብዬ። ዝናሽ ቤቷን ቆልፋ ላይኛው ሰፈር ለቅሶ ሄዳለች። በረቱ ጋ ስሄድ ጣሳውን አጣሁት። ምሰሶው ላይ ያለው የንብ ቀፎ ነው የሚመስል።

እኅቴ ናት። ዝናብ እንዳይገባበት ብላ ዙሪያውን በእርጥብ እበት መርጋዋለች። እናታችን ቀፎ ስትመርግ ያየችውን ነው ያደረገች፤ እንዲያውም ለንብ የሚተወውን አፍ እንኳ አልተወችለትም። እርጥብ እበት ማለት ውኃ ነው። ውኃ ደግሞ የመዳብ መስመር ለይቶ አያውቅም።

ካራዬን አውጥቼ እየተሳደብሁ እፍቅ ጀመር። ከክዳኑ ሥር የለቀቀ አንድ ጓል ወደ ውስጥ ወደቀ፤ ሁለት መስመሮች ላይ ዘጭ ብሎ ተኛባቸው። ክላክሱ ጮኸ።

ጎሹ መዝጊያውን በደረቱ ገንጥሎ ወጣ። ከበረቱ በታች ገደል ነው፤ ገመዱን አፈፍ አድርጌ ያዝሁ። እንግዲህ እዩኝ። ፊቴ በፕላስቲክ ተሸፍኗል፤ ባንድ እጄ ካራ፣ ባንድ እጄ የእኅቴን በሬ ይዣለሁ፤ ጩኸቱ እስከ ላይኛው ሰፈር ይሰማል።

በእኛ አገር ጩኸት የሰማ «ምንድን ነው?» አይልም። ዱላ አንሥቶ መውጣት ነው። ያልወጣ የሌባ ተባባሪ ነው ይባላል።

የመጀመሪያው ዱላ ጀርባዬ ላይ አረፈ። ካራው ከእጄ ወደቀ። ሁለተኛው ጉልበቴን ሲያገኘው ጭቃው ውስጥ ተደፋሁ፤ ከዚያ በኋላ የትኛው ከየት እንደሚመጣ አላውቅም። ጎኔ፣ ታፋዬ፣ ትከሻዬ። አንዱ በጫማ አፌን መታኝ፤ ጥርሴን ከደሜ ጋር ዋጥሁት።

«ይሻው ነኝ! የዝናሽ ወንድም ነኝ! ይሻው!»

ክላክሱን ስገዛ ከሁሉ የሚጮኸውን ነበር የመረጥሁ። ድምፄን እኔው ራሴ አልሰማሁትም።

እጅ መጥቶ ፕላስቲኩን ከፊቴ ላይ ገለጠ። አንዱአምላክ ነው። ጎንበስ አለ፤ ትንፋሹ ፊቴን ነካኝ፤ ጠጅ ጠጅ ይላል። ዓይን ለዓይን ተያየን። እፎይ፣ ዳንሁ አልሁ። ድምፄን ባይሰማ እንኳ ከንፈሬን አይቶ ያውቀኛል፤ ባንድ ደጅ ነው ያደግን።

ፕላስቲኩን መልሶ ፊቴ ላይ ጎትቶ ሸፈነኝ። ቀኝ ክንዴን በጫማው ረገጠ። ከዚያ መታው። ደግሞ መታው። ራሴን አልነበረም የፈለገ፤ እጄን ነው፤ ካውያ የምይዝበትን እጄን። አጥንቱ ሲሰበር በጆሮዬ አልሰማሁም፤ በጥርሴ ነው የሰማሁ።

ክላክሱ ቆመ። ዝናሽ ከለቅሶው ሮጣ መጥታ ማጥፊያውን ተጭናዋለች። ዝም ሲል የእኔ ድምፅ ብቻውን ቀረ።

«ይሻው ነኝ…»

ዱላዎቹ ባየር ላይ ቆሙ። «ኧረ የመድኃኔ ዓለም ያለህ!» አለ አንዱ። ከሁሉ ቀድሞ ላዬ ላይ የወደቀው አንዱአምላክ ነው። «ወንድሜን! ወንድሜን! እኔን ይቁረጠኝ!» እያለ ጭቃውን በጡጫ ይመታል። ወደ ሆስፒታል የወሰደኝን ባጃጅም ሮጦ የጠራ እሱ ነው። ሰዉ ሁሉ አመሰገነው።

ከሆስፒታል ወጥቼ ዝናሽ ቤት ስተኛ ሽማግሌ መጣ። ነጠላቸውን አጣፍተው ከፊት የገቡት ቄስ ሞገስ ናቸው፤ ጎረቤታችን፣ የዝናሽም ነፍስ አባት። ከኋላቸው አንዱአምላክ ጥቁር ድንጋይ ማጅራቱ ላይ ተሸክሞ ገባና መሬት ላይ ተንበረከከ። ያጠፋ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ከተንበረከከ የተበደለው «ተነሥ» ይላል። ወጉ ነው። አልልም ያለ ጨካኝ ተብሎ ይወጣል።

«ልጄ ይሻው» አሉ ቄስ ሞገስ፣ «ጉም ነበር፤ በዚያ ላይ ጩኸት። ይኸ ልጅ ሲምል ሰምተነዋል። ተከናንበህ ነበር፣ ፊትህን የገለጠ ማንም የለም። በስሕተት ነው። ይቅር ለእግዚአብሔር በል።»

«ይቅር እላለሁ አባቴ። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቀው።»

«ጠይቀው።»

እጄ ከመጠገኛው እንጨት ጋር እንደ ታሰረ ወደሱ ዞርሁ።

«አንዱአምላክ፣ ፕላስቲኩ የምን ቀለም ነበር?»

«ሰማያዊ» አለ ከድንጋዩ ሥር።

«ዕውነት ነው። ስትገልጠው አፌ ደም ነበር አይደል? ምን ስልህ ነበር?»

«ሌባ ምን ይላል? አፍህን ከፈት ዘጋ ታደርጋለህ፤ እኔ ምን እንደምትል በምን…»

ምላሱን ነከሰ። ዝናሽ ከጓዳ ብቅ አለች።

«አንዱአምላክ» አሉ ቄስ ሞገስ ቀስ ብለው። «ማንም አልገለጠም ብለህ በታቦቱ አልማልህልኝም?»

አንዱአምላክ ድንጋዩን ከማጅራቱ ላይ በሁለት እጁ አንሥቶ ተነሣ። ለእርቅ የመጣውን ድንጋይ ወደ ራሴ ወረወረው። ራሴን ዘወር ባላደርግ ጨርሶኝ ነበር፤ ትራሱ አጠገብ ግድግዳውን መትቶ ጭቃውን ይዞ ወረደ።

«ቀጥቃጭ!» እያለ ይጮኻል። «ቡዳ! ሁለቱንም ነበር መስበር! ያንን መሬት የሚያርስ እኔ ነኝ!»

ሽማግሌዎቹ ተናንቀው አወጡት። ዝናሽ የሙቀጫውን ዘነዘና ይዛ ደጅ ድረስ ተከተለችው፤ አንድ ጊዜ ትከሻው ላይ አሳርፋበታለች፤ ማንም አልያዛትም።

እርቁ እንደ ተቋረጠ ነው። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ነው። ቄስ ሞገስ አንዱን በሬያቸውን ከጎሹ ጋር ቀናጅተው ለዝናሽ ጤፏን አስዘሩላት።

እጄ ገጥሟል፤ ጣቶቼ ግን አይታጠፉም። ለምትኩ ሰው ልኬ ነጠላ ቀዳዳውን ቦርድ አስመጣሁ። ሽቦውን በግራ እጄ እይዛለሁ፣ ካውያውን ዝናሽ ትይዛለች። ቀዳዳ በቀዳዳ ነው የምንሄድ፤ ጎረቤት ከጎረቤት ሳይነካካ።

«አያ፣ ሲያልቅ በሰም ልምረገው?» አለችኝ ትናንት።

«በምንም አትምረጊው።»

ድንጋዩ ከግድግዳው ሥር ወጥቶ በረቱ ደጅ ተተክሏል። ጎሹ የሚታሰር እሱ ላይ ነው። አንዱአምላክ ወደ ገበያ ሲወርድ በታችኛው መንገድ ዞሮ ነው የሚሄድ። ክላክሱን አልቀየርሁትም፤ ያው የድሮው፣ ከሁሉ የሚጮኸው ነው።