ገንዳው ውስጥ የተኛው ጋዝ

ገሪማ ሲያልፍ አፍንጫ መያዝ በዲላ የተለመደ ነበር። ካርቡሮ የሚሉት ግራጫ ድንጋይ ውሃ ሲነካው የሚያወጣው ጋዝ ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት ይላል። ገሪማ ደግሞ በዚያ ጋዝ ሃያ ዓመት ብረት በይዷል፤ ሽታው ከኮቱ አልፎ ቆዳው ውስጥ ገብቷል። የሚገርመው፣ አፍንጫውን የሚይዘው ሁሉ ፋሲካ ሲደርስ ባልዲ አንጠልጥሎ ደጁ ይመጣል። ጋዙን ከሚያፈልቅበት በርሜል ሥር የሚቀረው ነጭ አተላ ለግድግዳ ከኖራ ይበልጣልና። ሰው እንዲህ ነው፤ ነጩን ይወስዳል፣ ሽታውን ለባለቤቱ ይተዋል።

እንደ ወጣቱ በያጅ እንደ ሠረቀብርሃን ያስቀየመው ግን አልነበረም። ልጁ ከአዲስ አበባ ተምሮ፣ የምስክር ወረቀቱን በደረት ኪሱ ይዞ የመጣ ለት፣ ገሪማ የሚሠራበት ጋራዥ ባለቤት ፊት ቆሞ፣ «ይኼ ሰውዬ ወረቀት አለው?» ብሎ ጠየቀ። አልነበረውም። በማግስቱ ገሪማን ጎማ ለጣፊ አደረጉት። የተማረ ይግደለኝ በሚል አገር ማን ይፈርድለታል? ጥሎ ወጣ። ከአሮጌ በርሜል የጋዝ ማፍለቂያውን ራሱ ሠርቶ እንጀራውን በላ። ያቺን ጥያቄ ግን አራት ዓመት ሙሉ እንደ ዶሮ አጥንት ጉሮሮው ውስጥ ይዟት ዞረ።

በስልሳ አራት ዓመተ ምሕረት፣ ታኅሣሥ ላይ፣ ይርጋጨፌ አጠገብ ባለው በወይዘሮ የትምወርቅ የቡና ማጠቢያ የመፈልፈያው ዘንግ ከመዘውሩ ሥር ተሰበረ። የተለቀመ እሸት ቡና በዕለቱ ካልተፈለፈለ ይበላሻል። የገበሬው ጆንያ ከበሩ እስከ መንገዱ ተደርድሯል። ወይዘሮ የትምወርቅ ለሁለቱም በያጆች ላኩባቸው።

«ፀሐይ ሳትጠልቅ ማሽኔን ያዞረ፣ የማጠቢያው መካኒክ እሱ ነው» አሉ።

ገሪማ በርሜሉን አውቶቡስ ጣሪያ ላይ ጭኖ ሲደርስ ሠረቀብርሃን በፒካፕ ቀድሞታል። የቡታጋዝ ቦምቦላው ከኦክስጅኑ ጎን እንደ ሙሽራ ያብለጨልጫል።

«ገሪማ፣ ያ በርሜልህ ገና አልፈነዳም?»

«አክብሬ ይዣታለሁ፣ ለምን ትፈነዳለች? ካርቡሮዋን እርጥበት አላስነካም። ግፊቷን አላበዛም። መዳብ የሚባል ነገር አላስጠጋትም። ስትቆጣም ታፏጫለች። የአንተዋስ?»

«ቡታጋዝ ጨዋ ነው። የትልልቅ ሆቴል ወጥ የሚሠራበት።»

«እንግዲያው ወጥ ሥራበት።»

ገበሬው ሳቀ። ስምንት ጆንያ ያመጡት የጌዴኦ ሽማግሌ፣ አባ ባልቻ፣ ፒፓቸውን በጥርሳቸው ነክሰው፣ «ልጆች፣ እናንተ ስትሰዳደቡ ቡናዬ ጠላ ሆነች» አሉ።

«ወረቀት ያለው ይቅደም» አሉ ወይዘሮ የትምወርቅ። ያቺ አጥንት ገሪማን እንደገና ወጋችው። ሠላሳ እርምጃ ርቆ፣ በርሜሉን ተደግፎ ተቀመጠና ልጁ እንዳይሳካለት ከልቡ ተመኘ።

ሠረቀብርሃን ቦምቦላ ፀሐይ ላይ እንደማይቀመጥ ተምሯል፤ ልክ ነው። ጥላ ፈለገ። ከማሽኑ ሥር ቡናው የሚዘፈዘፍበት የሲሚንቶ ገንዳ ባዶውን ነበር፤ ጥልቅና ቀዝቃዛ። ቦምቦላውን በገመድ አስሮ እዚያ አወረደው፤ ቱቦውንም ወደ ላይ ሳበ። ከዚያ ከዘንጉ ጋር ሲታገል፣ መለኪያ ሲፈልግ፣ ግማሽ ሰዓት ሄደ።

ነፋሱ ዞር አለ። ገሪማ ቀና አለ። የቡና ገለፈት ክምር ሽታ ማንም የለመደው ነው። በዚያ ሽታ ውስጥ ግን ሌላ ሽታ ተደብቆ መጣ።

ዝም ቢል ማን ይጠይቀዋል? በካርቡሮ ሽታ አፍንጫው ሞቷል ብሎ አገሩ ያወራ የለ? ግን ቡና ለቃሚዎቹ እነ ማሚቱ ገንዳው አፋፍ ላይ እግራቸውን አንጠልጥለው ያወጋሉ። ሠረቀብርሃን ክብሪት አወጣ። ገሪማ ሮጦ እጁን ያዘው።

«ኪስህ መልስ። እናንተም ከዚያ ተነሡ።»

«እትዬ፣ ተራዬን ሊያሰናክል ነው» አለ ልጁ።

«ገሪማ፣ ገለፈት ነው የሸተተህ» አሉ ሴትዮዋ። «ደግሞስ በየትኛው አፍንጫህ?»

«እትዬ፣ ሃያ ዓመት በሕይወት ያቆየኝ ይኼ አፍንጫ ነው። ገለፈት ይኮመጥጣል። ይኼ የተበላሸ እንቁላል ነው።»

«ቢያፈስስ ሜዳ ላይ አይደለን? ነፋስ ይወስደዋል» አለ ሠረቀብርሃን።

«የኔው ጋዝ ቀላል ነው፣ ወደ ላይ ይሸሻል። የአንተው ከአየር ይከብዳል፤ እንደ ውሃ ጉድጓድ ፈልጎ ይተኛል። አንተ ደግሞ ጉድጓድ ሰጠኸው።»

ሠረቀብርሃን ክብሪቱን ኪሱ መለሰ። ይኼን ነገር ተምሮታል፤ ደብተሩ ላይም ጽፎታል። ደብተሩ ግን ዲላ ነው ያለው።

ቦምቦላውን በገመዱ ጎትተው አወጡት። ማሚቱ የልብስ ሳሙና በውሃ በጥብጣ የቱቦው ማሰሪያ ላይ ስታፈስ፣ አረፋው እንደ እንቁራሪት ዓይን ቡልቅ ቡልቅ አለ። አባ ባልቻ ያልተለኮሰች ፒፓቸውን ቀስ ብለው ኪሳቸው ከተቱ።

ገሪማ ቦምቦላውን አዘግቶ የገንዳውን መፍሰሻ አስከፈተ። ሴቶቹ ኮባ ቅጠል ይዘው ከላይ ወደ ታች አራገቡለት፤ «ሂጂ የአዲስ አበባ እንግዳ፣ ቡና አላፈላንልሽም» እያሉ፣ እየተሳሳቁ። ገሪማ አሽትቶ፣ እንደገና አስራግቦ፣ ደግሞ አሸተተ። ማሰሪያውን ራሱ አጠበቀ፤ በሳሙና ፈተነው፤ አረፋ የለም። ቦምቦላው ከገንዳው ርቆ እንሰት ጥላ ሥር ቀጥ ብሎ ቆመ።

«አሁን ለኩስ» አለው።

ሠረቀብርሃን ዘንጉ ላይ በዝገት የተጣበቀውን ወፍራም ቀለበት እንደ ቅቤ ቆረጠው። ገሪማም አልካደም፤ «ለመቁረጥስ ደግ ነው። ኦክስጅን ሲጠጣ ነው ልክ የማያውቀው» አለ። ብየዳው ላይ ግን የቡታጋዙ እሳት ተዝረከረከ፤ ብረቱ ሳይያያዝ እንደ ገንፎ ተንተከተከ። ልጁ ሦስት ጊዜ ሞከረ፤ ከዚያ ቦታውን ለቀቀ።

የገሪማ በርሜል አጉረመረመች። እሳቷ እንደ መርፌ ሹል፣ ሰማያዊ ሆና ወጣች። ብረቱ አላበው፣ ቀለጠ፣ ተሳሳመ። ዘንጉን ቀስ ብለው አቀዝቅዘው ገጠሙት። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የማሽኑ ማዞሪያ ቀበቶ፣ ቺንጋው፣ ተሳበ፤ የአባ ባልቻ ቀይ ቡናም እየተንጫጫ ገባ።

«መካኒኬ ገሪማ ነው» አሉ ወይዘሮ የትምወርቅ።

«ቆራጭ ያስፈልገኛል። ይኼ ልጅ ይቆይ» አለ ገሪማ። «ግን አንድ ነገር ይጻፍልኝ። እጅ ጽሑፉ ቆንጆ ነው አሉ።»

ሠረቀብርሃን ሳቁን መግታት አቃተው። «ምን ልጻፍ፣ ጋሼ?»

ጋሼ። ገሪማ እንዳልሰማ ሆነ፤ ግን ሰምቷል። ከበርሜሉ ሥር ነጩን አተላ በጣሳ ቀድቶ ከብሩሽ ጋር ሰጠው። ልጁ ገንዳው ግድግዳ ላይ በትልልቁ ጻፈ፦

«ጋዝ እዚህ ማስቀመጥ ክልክል ነው። ዋና መካኒክ ገሪማ።»

ገሪማ ራቅ ብሎ አነበበው፤ ሁለት ጊዜ። ከዚያ ወደ ወይዘሮ የትምወርቅ ዞረ።

«ወረቀት ዝናብ ያበሰብሰዋል፣ እትዬ። ይኼ ግን ይከርማል።»