የዶና ዡሬማ ግራ ጭን

ሰው ሲያረጅ ወለል አይከሰስም። የቢራ ማቀዝቀዣው በረዶ ቀልጦ የጭፈራ አዳራሹ ወለል ላይ ተንጣሎ ነበር፣ ማንም አልወለወለውም፣ ዶና ዡሬማም በልምምዱ መሃል እየዞረች ሳለ ግራ እግሯ ሸርተት ብሎ ጭኗ ውስጥ አንድ ነገር እንደ አሮጌ ጨርቅ ተተረተረ። ታዲያ ምን ተባለ? «ዕድሜያቸው ነው» ተባለ። ዞር ብሎ ወለሉን ያየ አንድ ሰው እንኳ አልነበረም።

ይህ ሳያንስ ኦስማር አለ። ኦስማር «የካራምቦላ ኮከብ» የተባለው የካርኒቫል ጭፈራ ማኅበር መሪ ነው፤ ፊሽካ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ሰው ሲያሰልፍ ይውላል። ዶና ዡሬማ ይህን ሰው አፍንጫውን ሳይጠርግ በሰፈራቸው ኮረብታ ደረጃ ሲንፏቀቅ ታውቀዋለች። እሱ ነው እንግዲህ፣ ሳይጠይቃት፣ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት፣ «ዶና ዡሬማ ዘንድሮ በሰልፉ መሃል የሚያልፈው ያጌጠ መኪና ላይ ይቀመጣሉ፤ እጃቸውን ለሕዝቡ ያወዛውዛሉ» ያለው። ሰዉም አጨበጨበ። ደግ የተዋለላት መስሎት።

መኪናው ላይ! ባያና እኮ የምትዞር ሴት ናት። በሽቦ ቀለበት የተነፋ ቀሚስ ለብሳ፣ ነጭ ሻሽ ጠምጥማ፣ ከእኩዮቿ ጋር እንደ እንዝርት ካልሾረች ባያና አይደለችም፤ የአልጋ ልብስ የለበሰች አሮጊት ናት። ዶና ዡሬማ ወደ ባያናዎቹ ጭፍራ የገባችው በእናቷ እግር ተተክታ ነው። መኪና ላይ የወጣች ባያና ደግሞ ተመልሳ ስትወርድ አልታየችም። መጀመሪያ መኪና፣ ከዚያ ወንበር፣ ከዚያ ፎቶዋ ግድግዳው ላይ።

«ታዲያ ፎቶዬን አይሰቅሉትም?» አለቻት ክሬውዛን። ክሬውዛ ጎረቤቷ ናት፣ በሰልፉም ከጎኗ የምትዞር። «ምን ይጠብቃሉ? ሚስማር ጠፋ?»

«አንቺ ደግሞ! ለክብርሽ ብለው ነው።»

«ክብር የሚቀመጡበት ነገር መሆኑን ማን ነገረሽ?»

እውነቱ ይነገር ከተባለ፣ ጭኑን ያባሰችው ክሬውዛ ናት፤ ያውም በራሷ በዶና ዡሬማ ትእዛዝ። በዚያ ኮረብታ ላይ ሰው ወለም ሲለው ካምፎር የሚባለው ሽታው የሚሰነፍጥ መድኃኒት በጠንካራ አረቄ ይዘፈዘፋል፣ ይሞቃል፣ ከዚያ ታማሚው ጥርሱን እስኪነክስ ድረስ ይታሻል። ክሬውዛም የዚያኑ ዕለት እጅጌዋን ሰብስባ እንደ ሊጥ አሸችው። ሲነጋ ጭኑ ከቂጧ እስከ ጉልበቷ አብጦ እንደ በሰለ ወይን ጠቁሯል።

በጤና ጣቢያው የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ የሆነችው ታይናራ ይህን ስታይ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ዶና ዡሬማ፣ ማነው እንዲህ ያደረገዎት?»

«መድኃኒት ነው።»

«ጡንቻው ተተርትሮ ውስጥ ውስጡን እየደማ በሙቅ አሻችሁት? መጀመሪያ ላይ በረዶ ይያዝበታል እንጂ አይታሽም እኮ።»

«አንቺ ሳትወለጂ ጀምሮ እዚህ ሰፈር ጭን ይታሻል፤ ይድናልም።»

«ይህኛው አልዳነም።»

ቀሚሷን ጎትታ ጭኗን ሸፈነች።

ከዚያ ወዲያ ውርደቱ ጀመረ። ኳስ በጉልበቶቿ መሃል አስገብተው አስጨመቋት። በጀርባዋ አስተኝተው ቂጧን ወደ ጣሪያ አስነሷት። የላስቲክ ገመድ ቁርጭምጭሚቷ ላይ አስረው፣ እግሯን ወደ ኋላ ስባ ቀስ ብላ እንድትመልስ አደረጓት፤ ቀስ ማለት ምን እንደሆነ እስከዚያ ቀን ድረስ አታውቅም ነበር።

«እንቁላል የታቀፈች ዶሮ አስመሰልሽኝ» አለቻት ታይናራን።

«ዶሮ እንኳ ትዕግሥት አላት፣ ዶና ዡሬማ።»

ትዕግሥትስ ከየት ይምጣ? ካርኒቫል እየደረሰ ነው። ሙቀቱ የጣሪያውን ቆርቆሮ ያንቋቋዋል። ትቀመጣለች፣ ትነሳለች፣ ጥቁር ባቄላውን ሳይፈላ ከድና ትከፍተዋለች፣ መስኮት ትዘጋለች፣ መልሳ ትከፍታለች፣ ክሬውዛን ጠርታ ለምን እንደጠራቻት ትረሳለች። የልምምዱ ከበሮ ከታች ከአዳራሹ ሲነሳ መደርደሪያው ላይ ያለው ብርጭቆ ሁሉ ይንጫጫል። ቀኝ እግሯ ብቻውን ወለሉን ይመታል። ግራው መምታት ይፈልጋል፣ አይችልም። በገዛ እግሩ የታሰረ ሰው ዘበኛ አያስፈልገውም።

አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ባሰባት። የሽቦ ቀለበቱን ከአልጋው ጀርባ ጎትታ አወጣች፣ ቀሚሱን ደረበችበት፣ ወንበሩን ገፋ አድርጋ «ግማሽ ዙር ብቻ» አለች፤ ለማን ቃል እንደምትገባ እሷም አታውቅ። በግራ እግሯ ገፋች። ግማሹ ዙር ሳይሞላ ያ የታወቀ ስለት ጭኗን ወጋው፤ ቀሚሱ ከነሽቦው እንደ ወደቀ ድንኳን ተዘረጋ፣ እሷ መሃሉ። እዚያ ተቀምጣ የተሳደበችው ስድብ እዚህ አይጻፍም።

በማግስቱ ታይናራ ጭኗን በጣቶቿ ዳሰስ ዳሰስ አደረገችው።

«ዞረዋል» አለች።

«ማ? እኔ?»

«ዶና ዡሬማ!»

«ግማሽ።»

ቁጣ ጠብቃ ነበር። ታይናራ ግን ሁለት እጇን ዘረጋችላት። «እስቲ እጄን ይያዙና በዝግታ ያሳዩኝ፤ ሳይገፉ፣ እግርዎን ብቻ። እንዴት ነው የምትዞሩት?»

አሳየቻት።

«ሁልጊዜ ወደ ቀኝ ነው?»

«ታዲያ ወዴት ሊሆን ነው? የእኛ ማኅበር በቀኝ ነው የሚዞረው። ጭፍራውን ያቆመችው ሴትዮ በቀኝ ዞረች፣ እናቴ በቀኝ ዞረች፣ እኔም በቀኝ ዞርኩ።»

«እንግዲያው ቀኝ እግርዎ ምሰሶ ነው፤ ቆሞ ያዞራል። የሚገፋው ግራው ነው። ዕድሜውን ሙሉ ሲገፋ ኖሮ ደክሞታል። ወለሉ ደግሞ…»

«ወለሉ እርጥብ ነበር!»

«እርጥብ ነበር» አለች ታይናራ፣ እንደ ቀላል ነገር።

ስለ ወለሉ ያመናት የመጀመሪያ ሰው ይህች ልጅ ሆነች። ከዚያ ቀን ወዲህ ዶና ዡሬማ ኳሱን ስትጨምቅ አላጉረመረመችም፤ ትንሽ ብቻ።

«ሲሻልዎ ይዞራሉ» አለቻት ታይናራ። «ወደ ግራ ግን። ግራው ምሰሶ ይሁን፣ ቀኙ ይሥራ።»

ወደ ግራ! ባያና እኮ ባለችበት አትዞርም፤ እየዞረች ወደ ጎን ትሄዳለች። ሁሉም ወደ አንድ ወገን ሲሄዱ ቀሚስ ከቀሚስ ይተላለፋል፤ አንዷ በተቃራኒው ከዞረች ሽቦ ከሽቦ ይጠላለፋል። «ማበዷ ነው» አለች ዶና ዡሬማ በሆዷ። ቢሆንም ማታ የዕቃ ማጠቢያውን ጠርዝ ይዛ ሞከረችው። የወጥ ቤቱ ግድግዳ ተከትሏት መጣ፤ እግሮቿ እንደማይተዋወቁ ሰዎች ተያዩ። ጭኗ ግን ዝም አለ። በማግስቱም ሞከረች። ሳምንታት ሲያልፉ ማጠቢያውን በአንድ እጅ፣ ቀጥሎ በጣት፣ ቀጥሎ ምንም ሳትይዝ። ታይናራም ደረጃ አስወጥታ፣ በአንድ እግር አስቁማ፣ ላስቲኩን አጥብቃ ፈተነቻትና፣ «ካላመመዎ ይዙሩ፤ ካመመዎ ያቁሙ። ይሰሙኛል?» አለቻት።

«ጆሮዬን አይደለም ያመመኝ።»

በመጨረሻው ልምምድ ዕለት ቀሚሷን ለብሳ ወደ አዳራሹ ወረደች። ኦስማር ሲያያት ፊሽካውን ከአፉ አወጣ።

«ዶና ዡሬማ፣ የእርስዎ ቦታ እኮ መኪናው…»

«ከበሮውን አስመታ።»

ከበሮው ተመታ። ክሬውዛ አጠገብ ገባችና ወደ ግራ ዞረች። አንድ ዙር ሳትጨርስ ቀለበቷ የክሬውዛን ቀለበት ነክሶ ያዘው፤ ሁለቱም እንደ ተጣሉ ፍየሎች ተጎተቱ።

«ዓይንሽ ጠፋ እንዴ?» ጮኸች ክሬውዛ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ፊሽካው ተነፋ።

«ያልኩት ይኼንኑ ነው» አለ ኦስማር፣ ለታመመ ሰው በሚወጣ ድምፅ። «ሰልፉ ቢዛነፍ የውድድሩ ዳኞች አይምሩንም። እባክዎ፣ መኪናው ላይ ይረፉ።»

ዶና ዡሬማ ሽቦውን በእርጋታ አላቀቀች። ጭኗን አዳመጠችው፤ ምንም አላለም። ከዚያ ወደ ሴቶቹ ዞረች።

«አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ከእናንተ ውስጥ ማታ ማታ በሯን ዘግታ ግራ እግሯን በካምፎር የምታሽ ማናት?»

ባያና አመመኝ አትልም፤ አመመኝ ያለች መኪና ላይ ትወጣለች። ሻሾቹ ሁሉ ወደ መሬት አዘነበሉ። ዶና ዡሬማ ጠበቀች፤ በሕይወቷ እንደዚያ ጠብቃ አታውቅም። በመጨረሻ ክሬውዛ በጥርሷ መሃል አንድ ነገር አጉረመረመችና እጇን አነሳች። ከኋላ ሌላ እጅ ተነሳ። ከዚያ ሌላ። ከዚያ ያላነሱትን መፈለግ ቀለለ።

«ቀኝስ?» አለች ዶና ዡሬማ። አንድም እጅ የለም።

ኦስማር አፉን ከፈተ። «ግን እኮ ልማዱ…»

«ልማዱን ለእኔ ታስተምረኛለህ? ስማ አንተ ልጅ። ጭፍራው ዘንድሮ በግራ ይዞራል፤ እኔ ፊት ቆሜ አሳያለሁ። መኪናው ላይ ሰው ካነሰህ አንተ ውጣና እጅህን አወዛውዝ። አሁን ግን ፊሽካህን አስቀምጥና መወልወያ አምጣ። ይኼ ወለል ዛሬም እርጥብ ነው። ወልውለው!»