የተደፈነው በር

የፈቃድ ባለሙያዋ ውብነሽ የፍሬዘርን የቁማር ማሽኖች የከለከለችው በገዛ እጇ ለክታ ነው። መመሪያው ከትምህርት ቤት በር እስከ ቤቲንግ ቤት በር መቶ ሜትር ይላል፤ የእሷ ሜትር ሰማንያ ሁለት ላይ ቆመ። ከሊሙ ገነት መጥቶ ጊንጆ ጉዱሩ ሰፈር ቤት የተከራየው ፍሬዘር ግን አልተከራከረም። «ቶሌ፣ እሺ እትዬ ውብነሽ። ሕግ ሕግ ነው» ብሎ እየሳቀ እስከ ባጃጇ ሸኛት። ተከልክሎ የሚስቅ ነጋዴ አይታ ስለማታውቅ፣ ነገሩ ሲከነክናት ሰነበተ።

በአሥረኛው ቀን እንደገና እንድትለካ ተጠራች። ሜትሯን ይዛ ስትደርስ የትምህርት ቤቱ በር የለም፤ ቦታው በብሎኬት ተደፍኗል። ርዕሰ መምህሩ ደስ ብሏቸው እጇን ጨበጡ። «እግዜር ይስጠው፣ ፍሬዘር በጓሮ በኩል አዲስ የብረት በር ሠራልን» አሏት።

በንዴት ለካች። ሁለት መቶ አሥር ሜትር። የመመሪያውን ወረቀት ገልብጣ ብታነበው ስለ በር እንጂ ስለ ልጆች አንዲት ቃል የለበትም። ፍሬዘር እስክሪብቶ አቀበላት፤ ፈቃዱን ፈረመች።

ስትመለስ በተደፈነው በር በኩል አለፈች። ሲሚንቶው ገና አልደረቀም። ከግንቡ ሁለት ብሎኬቶች፣ አንዱ ከአንዱ ከፍ ብሎ፣ እንደ ደረጃ ወጣ ተደርገው ተገንብተዋል። በላያቸው ትንንሽ የጫማ ዱካ ታትሟል።

ከዚያ እስከ ማሽኖቹ ያለውን መንገድ መለካት አላስፈለጋትም። ሰማንያ ሁለት ሜትር ነው።