የሰመመን ኑዛዜ

«በመርፌ ሰክረው የተናገሩት ኑዛዜ ከሆነማ፣ ከጠላ ቤት የሚወጣው ሁሉ አገር ባወረሰ ነበር» አለ ወንዴ።

«አያ ወንዴ፣ የነፍስ አባታችን ቆመው ሰምተዋል» አለች እህቱ ብርቅዬ። «ሞት አፋፍ ደርሰው ተመልሰው የተናገሩት ቃል ነው። ከዚህ ወዲያ ምን ኑዛዜ አለ?»

የሚነታረኩት በአባታቸው አልጋ ግርጌ ነው። አቶ አረጋ አንጀታቸው ተጠማዞ፣ ጎረቤት ከሙጃ አካባቢ በቃሬዛ ተሸክሞ ላሊበላ ካደረሳቸው በኋላ ትናንት ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው። ከሰመመን ሲነቁ ጣሪያ ጣሪያውን እያዩ፣ «የወንዙ ዳር ማሳ ለብርቅዬ ይሁን፤ ቃሌ ነው» አሉ። ብርቅዬ ባሏ ሞቶባት ወደ አባቷ ቤት ከተመለሰች ወዲህ እሳቸውን ስትጦር ኖራለች። እሳቸው ሲያልፉ የምትጠጋበት የላትም።

የነፍስ አባታቸው ቄስ ሰይፈ ሥላሴ መስቀላቸውን ካንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። «መስማቱን ሰምቻለሁ። ልቡ ነው ወይስ መድኃኒቱ የተናገረው? ይህን እሷ ትንገረን» አሉ።

ወደ ሰብሌ ዞሩ። ለአቶ አረጋ ሰመመን የሰጠቻቸው ባለሙያ እሷ ናት። አረጋውያን ከቀዶ ሕክምና በኋላ አእምሯቸው በስንት ጊዜ እንደሚጠራ ስለምታጠና፣ በሽተኛው ሲነቃ የት እንዳለና አጠገቡ ማን እንደቆመ ትጠይቃለች። አዳሩን ተረኛ ስለነበረች ግድግዳውን ተደግፋለች። ጥናቱን ስትጀምር የማሳ ክርክር ውስጥ እገባለሁ ብላ አላሰበችም።

«እናትዬ፣ እውነቱን ተናገሪ» አለች ብርቅዬ።

«የት ነዎት ስላቸው ሙጃ ገበያ አሉኝ። አንቺን ባሳያቸው እናቴ ናት አሉ።» ሰብሌ ዐይኗን አሸች። «ያኔ አእምሯቸው ገና አልጠራም ነበር።»

«ይኸው!» አለ ወንዴ።

«ስሜን ግን ጠርተዋል» አለች ብርቅዬ።

«አሁን አእምሯቸው ጠርቷል፤ ራሳቸውን ጠይቁ» አለች ሰብሌ። ወደ ሽማግሌው ጎንበስ አለች። «አባቴ፣ የት ነዎት?»

«ላሊበላ፣ ሐኪም ቤት።»

«ይቺስ ማን ናት?»

«ብርቅዬ ናታ። ልጄን ላላውቃት ነው?»

ቄሱ የማሳውን ነገር ጠየቁ። አቶ አረጋ ትናንት ያሉትን አንዱንም አያስታውሱም።

«ማሳውማ የወንዴ ነው» አሉ ደክሟቸው። «ሴት እርፍ አትጨብጥም። ብርቅዬ እኔ ቤት ናት፤ ምን ጎደላት?»

ብርቅዬ ጥጥ በውኃ ነክራ የአባቷን ከንፈር አረጠበች፤ ብርድ ልብሱን እግራቸው ድረስ ሳበችላቸው። ወንዴ አባቱን እስከ ሙጃ የሚያደርስ መኪና ማን ዘንድ እንደሚገኝ ቄሱን ጠየቀ። ቄሱም አቶ አረጋ ጠበል መቼ መጠጣት እንደሚችሉ ሰብሌን ጠየቁ። ሰብሌ እየመለሰችላቸው ወደሚቀጥለው አልጋ አለፈች። ብርቅዬ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ጫማዋን ካልጋው ሥር አውጥታ፣ አባቷን ለወንዴ ትታ ወጣች።