የሁለቴ ደብተር

አባቴ ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ ሙስሊም ሆኖ ከኖረ በኋላ፣ ማክሰኞ ጠዋት ቁርስ ላይ ዳቦውን ቆረሰና አማተበ። ግንባሩን፣ ደረቱን፣ ከዚያ ትከሻና ትከሻውን። ባለቤቴ የሻይ ማንቆርቆሪያውን እንደያዘች ቀረች። እኔ ደግሞ፣ ምን ዓይነት ሰው እንደሆንኩ ይታይልኝ፣ መጀመሪያ ያደረግኩት ነገር ተነስቼ መጋረጃውን መዝጋት ነው።

«አባባ፣ ምን አደረግክ?» አልኩት።

«ምን አደረግኩ?»

«አሁን፣ በእጅህ።»

እጁን አገላብጦ አየው። «ዳቦ ቆረስኩ» አለ። «ለአንተም ልቁረስልህ?»

ሐኪሙ አስቀድሞ ነግሮናል። የመርሳት በሽታ ከላይ ከላዩ ነው የሚበላው፣ የትናንቱ ይቀድማል፣ የልጅነቱ መጨረሻ ላይ ይቀራል ብሎናል። የቤቱን ቁልፍ ማቀዝቀዣ ውስጥ ሲያስቀምጥ ችያለሁ። ከሞተች ስድስት ዓመት የሆናትን እናቴን «ዛሬስ አመሸች» ሲልም ችያለሁ። ይሄኛውን ግን አልቻልኩም። ለምን እንዳልቻልኩ እንዲገባችሁ ስለ ሰውየው ትንሽ መናገር አለብኝ።

አባቴ የመሬት ቀያሽ ነበር። መሥሪያ ቤት «ሁለቴ» ነበር የሚሉት፤ ሁለቴ ሳይለካ የሚያምነው ነገር አልነበረማ። ከፍታው ከሚታወቅ ነጥብ ይነሳል፣ እየለካ እስከ መጨረሻው ይሄዳል፤ ሌላው ሰው ዕቃውን ሰብስቦ ወደ ቤቱ ሲያቀና እሱ እየለካ ይመለሳል። መነሻው ላይ ሲደርስ ቁጥሩ ከመጀመሪያው ጋር መግጠም አለበት። ካልገጠመ የሆነ ቦታ ተሳስተሃል። የት እንደሆነ አታውቅም፣ ግን ተሳስተሃል።

ሥራውን ለእኔም ያስተማረኝ እሱ ነው። እሱ በመሣሪያው አጮልቆ ቁጥሩን ይጠራል፤ እኔ ደብተር ይዤ ቁጥሩን ጮክ ብዬ እደግማለሁ፣ እጽፋለሁ፣ «ቀጥል» እላለሁ። ሳልደግም ከጻፍኩ አይቆጠርም። ላጲስ ደግሞ በፍጹም። ስትሳሳት በአንድ መስመር ትሰርዛለህ፣ ስህተቱ ከሥሩ እየታየ ይቀመጣል። አንድ ጊዜ ኪሴ ውስጥ ላጲስ አግኝቶ ገደል ወርውሮታል።

ሃይማኖቱንም የለወጠው በዚሁ ጠባዩ ነው። ክርስቲያን ቤት ተወልዶ ያደገ ሰው፣ ሠላሳ ሁለት ዓመቱ ላይ ሁለቱን መጻሕፍት ጎን ለጎን ዘርግቶ፣ ሁለት ዓመት አነጻጽሮ፣ እውነቱ እስልምና ነው ብሎ ገባ። እናቴን ያገባት ከዚያ በኋላ ነው። «እኔ ተወልጄበት አይደለም፣ መርምሬ ነው» ይል ነበር፤ ለእንግዳውም፣ ለአውቶቡስ ሹፌሩም። እኔም በዚህ ስኮራ ኖርኩ። ሰው ስለ እምነቴ ሲጠይቀኝ የምሰጠው የእሱን መልስ ነው። ራሴ አንድም ቀን መርምሬ አላውቅም። ምን አስጨነቀኝ? ሁለቴ ለክቶልኛል።

ከማክሰኞ በኋላ አባቴን አንድ ጥያቄ ያዘው። በቀን አሥር ጊዜ ይመላለሳል።

«ልጄ፣ እኔ ሁለቱን አነጻጽሬ ነበር አይደል?»

«አዎ፣ አባባ።»

«የቱን ነው እውነት ያልኩት?»

«እስልምናን።»

ፊቱ ይፈታል። ከዚያ፣ «በምን ምክንያት?»

የመጀመሪያውን መመለስ ቀላል ነው። ለሁለተኛው ግን በየጊዜው ሌላ ሌላ መልስ እሞክር ነበር። አንድ ቀን፣ መጽሐፉ ስላልተለወጠ ነው አልኩት። «እነሱም ስለራሳቸው እንደዚያ ነው የሚሉት» አለኝ። ፈጣሪ አንድ ስለሆነ ነው አልኩት። «አንድ አይደለም ያለው ማነው?» አለኝ። ምሳ መብላቱን የረሳ ሰው ክርክር አልረሳም።

ሐሙስ ዕለት «እህቴን ጥሩልኝ» አለ። አክስቴ ጡረታ የወጣች አዋላጅ ነርስ ናት። ወንድሟ ከሰለመ ወዲህ የቤታችንን ደጃፍ ረግጣ አታውቅም፤ እናቴ ስትሞት እንኳን ከአጥሩ ውጭ ቆማ አልቅሳ ነው የሄደችው። ደወልኩላት። በአንድ ሰዓት ውስጥ ከተፍ አለች።

«ጥርሶ!» ብሎ ብድግ አለ አባቴ። የልጅነት ቅጽል ስሟ ነው። ሰባ ስድስት ዓመቷ ነው፣ ከጥርሶቿ አንዱም የራሷ አይደለም፤ እሷም ሰው ሠራሽ ጥርሷን እያሳየች እየሳቀች አለቀሰች። እጁን ይዛ ሶፋው ላይ ተቀመጠች። ትንሽ ቆይቶ ሁለቱ አብረው «አባታችን ሆይ» ማለት ጀመሩ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ሰማሁ። አባቴ አንዲት ቃል አልሳተም።

«ተመልሷል» አለች አክስቴ። «እሁድ ጠዋት መጥቼ ቤተ ክርስቲያን እወስደዋለሁ።»

«እትዬ፣ አባባ ታመው ነው እንጂ አልተመለሱም» አለች ባለቤቴ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «በታመመ ሰው ላይ ደግሞ አይፈረድም።»

«ሰው እውነቱን የሚናገረው ሲታመም ነው፣ ልጄ። እኔ ስንቱን አይቻለሁ።»

ከዚያ ሁለቱም ዞረው እኔን አዩኝ። «ልጁ አንተ ነህ» አለች አክስቴ። «ዛሬ ይሁን ነገ የሚሞተው አይታወቅም። በየትኛው ጸሎት እንደሚሸኝ፣ የት እንደሚቀበር የምትወስነው አንተ ነህ። አባትህ እንደሆን ለእናትህ ሲል ነው የሄደው።»

«መርምሮ ነው!» ብዬ ጮህኩ። «ደብተር አለው!»

«እንግዲያው እሁድ ስመጣ አሳየኝ።»

እውነቱን ለመናገር ደብተሩን አይቼው አላውቅም። መኖሩን ብቻ ነው ስሰማ ያደግኩት።

በሥራ ላይ ሆኜም ነገሩ አልለቀቀኝም። አባባ ከሚታወቅ ቦታ ተነሳ፣ ሄደ፣ ሄደ፣ ተመልሶ መነሻው ላይ ቆመ። ታዲያ ምንድነው ይሄ? ልኬቱ ገጠመ ማለት ነው? ወይስ መሣሪያው ተበላሸ? የተበላሸ መሣሪያም እኮ አንድ ነገር ማሳየቱ አይቀርም። ያን ቀን ሦስት ጊዜ ቁጥር ሳልደግም ጻፍኩ።

ዓርብ ከሶላት በኋላ ኢማሙን ጠየቅኳቸው። ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ የሚያውቀኝ እንዳያየኝ ሁለት ሰፈር አልፌ ሄጄ አንድ ቄስ ጠየቅኩ። ሁለቱም ደግ ሰዎች ናቸው፣ ወንበር ስበው አስቀመጡኝ። አንዱ፣ ሰው መሆን ለፈጣሪ ክብር አይመጥንም አሉኝ። ሌላው፣ ክብሩ የታየው ሰው ሆኖ በመውረዱ ነው አሉኝ። አንዱ፣ ዒሳ አልተሰቀለም። ሌላው፣ ካልተሰቀለማ እምነታችን ከንቱ ነው። የሌላውን ግድፈት ሁለቱም ጥንቅቅ አድርገው ያውቁታል። ከኢማሙ ዘንድ ስወጣ ሙስሊም ነበርኩ። ከቄሱ ዘንድ ስወጣ ክርስቲያን። ታክሲ ውስጥ ምንም አልነበርኩም፤ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም።

ከሰዓት በኋላ ቁም ሳጥኑ ላይ ያለውን የቆርቆሮ ሳጥን አወረድኩ። የመስክ ደብተሮቹ በየዓመታቸው ተደርድረዋል። አንዱ ብቻ ዓመትም የሥራ ስምም አልተጻፈበትም። ገለጥኩት። እያንዳንዱ ገጽ መሃሉ ላይ በማስመሪያ ተከፍሏል፣ ግራው ለአንዱ፣ ቀኙ ለሌላው። የአባቴ ደቃቅ የእርሳስ ጽሑፍ ነው።

«ስቅለት፦ በግራ፣ ሆኗል። በቀኝ፣ አልሆነም። ርቀቱ ብዙ ነው፣ ከዚህ ቆሜ አይታየኝም።» «ማርያም፦ ሁለቱም ጋ የተከበረች። ልዩነት የለም።» «የኃጢአት ስርየት፦ በግራ፣ ተከፍሎልኛል። በቀኝ፣ ራሴ ሄጄ እለምናለሁ። የቀኙ ለአእምሮዬ ይቀለኛል። የግራው ሌሊት ይናፍቀኛል።» «ጸሎት፦ አርባ ቀን በግራ፣ አርባ ቀን በቀኝ ሞከርኩ። በሁለቱም እንባ መጣ። ይህ መለኪያ አይሆንም።» በአንድ መስመር የተሰረዙ ብዙ ሐሳቦች አሉ፣ ሁሉም ከሥር ይነበባሉ። አንድ ጊዜ ደግሞ ጠርዙ ላይ፣ «እህቴ ዛሬም አላናገረችኝም» ይላል።

የመጨረሻው ገጽ አናት ላይ «ውጤት» ብሎ ከሥሩ ሁለት ጊዜ አስምሯል። ከዚያ በታች ያለው ተፍቋል።

ተፍቋል! በላጲስ! ወረቀቱ ሳስቶ ጣቴ በዚያኛው ወገን ይታያል። እርሳስ አጋድሜ ቀስ ብዬ አጠቆርኩበት፤ የተጫነ ጽሑፍ እንዲህ ሲደረግ ይወጣል። ወጣ። አንዱን ጽፎ ፍቋል፣ በላዩ ሌላውን ጽፎ ፍቋል፣ እንደገና የመጀመሪያውን። ስንት ጊዜ እንደሆነ መለየት አይቻልም። የትኛው መጨረሻ እንደተጻፈም አይታወቅም።

«ምን ይላል?» አለች ባለቤቴ።

«ተፍቋል።»

«ሁለቴ? ፍቆ?» ብላ ሳቀች። ፊቴን ስታይ ሳቋን ዋጠችው። «ከዚያ በኋላ እኮ ሠላሳ ስምንት ዓመት ሰግደዋል» አለች። «እሱስ አይቆጠርም?»

«እኔ እንጃ» አልኩ። አባቴ ላይ እንደዚያን ቀን ተናድጄ አላውቅም። ዕድሜዬን ሙሉ «መርምሬ ነው» የሚለውን ቃሉን ተደግፌ ቆሜ፣ ለካ እሱም እየተንገዳገደ ነበር። ደግሞ አሳዘነኝ። ደግሞ ተናደድኩ።

እሁድ በሁለት ሰዓት አክስቴ ካፖርቷን እንደለበሰች ገባች። አባቴ የሶላት ቆቡን አድርጎ ጠረጴዛው ጋ ተቀምጧል። ደብተሩን ሰጠኋት። መነጽሯን አድርጋ እዚያው ቆማ አነበበች፤ የራሷ ነገር የተጻፈበት ጠርዝ ላይ ብዙ ቆየች። የመጨረሻው ገጽ ላይ ስትደርስ የተፋቀውን በጣቷ ዳሰሰችው።

«እኔ እኮ» አለች፣ «ዞር ብሎም ሳያየን የሄደ መስሎኝ ነው ይሄን ሁሉ ዘመን የተቀየምኩት።»

ካፖርቷን አወለቀችና ከወንድሟ አጠገብ ተቀመጠች። አባቴ እሷን አየ፣ ባለቤቴን አየ፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«ልጄ፣ እኔ ሁለቱን አነጻጽሬ ነበር አይደል?»

«አዎ፣ አባባ።»

«የቱን ነው እውነት ያልኩት?»

አፌ የለመደውን ሊል ተከፈተ። አክስቴ ታየኛለች፣ ባለቤቴ ታየኛለች። የትኛውንም ብለው ያምነኛል፤ ያስፈራኝም እሱ ነው።

«አላውቅም፣ አባባ» አልኩ።

«በምን ምክንያት?» ይለኛል ብዬ ጠበቅኩ። አላለም። ጀርባውን ቀጥ አደረገ። መስክ ላይ የማውቀው ፊቱ ተመልሶ መጣ።

«አላውቅም» ብሎ ጮክ አድርጎ ደገመ። ጣቶቹ እርሳስ የያዙ ይመስል ጠረጴዛው ላይ ቀስ ብለው ጻፉ። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝና፣ «ቀጥል» አለ።

የሚቀጥለውን ቁጥር ከእኔ እየጠበቀ ነበር። እኔ ግን መሣሪያዬን ገና አልተከልኩም።