የአማረች ተያዥ

እኔ ወሰንየለሽ፣ ስናደድ አፌ ከጭንቅላቴ ይቀድማል። ሥራዬ ደግሞ ትዕግሥት ይፈልጋል። አዳማ ውስጥ ባለ አንድ ሆስፒታል፣ ከድንገተኛ ክፍል ታክመው ሲወጡ መግቢያ የሌላቸውን ሰዎች ማረፊያ እፈልጋለሁ። በሰባት ዓመት ስንቱን አስጠግቻለሁ። ያን ማክሰኞ የሠራሁትን ሳስበው ግን እስካሁን ባር ባር ይለኛል።

አማረች ሃያ አንድ ዓመቷ ነው፤ ሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ ልጅ። ቅዳሜ ዕለት የጋለ ዘይት ግራ እግሯ ላይ ተደፋባት። አሠሪዋ በባጃጅ አምጥታ አስገባቻት፤ ከዚያ ወዲያ ድራሿ ጠፋ። ማክሰኞ ጠዋት ስደውልላት፣ «ሌላ ሠራተኛ ይዣለሁ፤ ልብሷን እናንተ ጥበቃ ጋ አስቀምጫለሁ» ብላ ዘጋችው። ሁለት ዓመት ሙሉ ልጆቿን ያሳደገችላት ልጅ ንብረቷ አንድ ፌስታል ሆኖ በር ላይ ተጣለ። ወስጄ አልጋዋ ሥር አደረግሁላት።

ነርሷ ገላኔ መጣች። «ወስኔ፣ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት አልጋውን መልቀቅ አለባት። መኪና የተገለበጠባቸው ሰዎች ከመተሐራ እየመጡ ነው። ማል ጎና?» አለችኝ። እኔስ ምን ላድርግ? መጠለያዎቹ ጋ ደወልኩ፤ አንዱ ሞልቷል፣ አንዱ ቁስል ያለበት ሰው አንቀበልም አለ። ያለቻት ዘመድ ደራ ከተማ ትኖር የነበረች አክስቷ ብቻ ነበረች፤ እሷም አምና ሞታለች። ፋሻው በየቀኑ ካልተቀየረና ንጹሕ ቦታ ካልተኛች እግሯ ያመረቅዛል። ማታ መናኸሪያ አጠገብ ካርቶን አንጥፋ ስትተኛ ከአሁኑ ይታየኝ ጀመር።

ስምንት ተኩል ላይ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ያለ ተያዥ ማንም የቤት ሠራተኛ አይቀጥርም። የሆነ ሰው መታወቂያውን ሰጥቶ፣ «ብትሰርቅ፣ ብትጠፋ እኔ አለሁ» ብሎ ፈርሞላታል። ያስቀጠራትን ደላላ በስልክ አስጨንቄ ስሙን ተቀበልኩ፤ አቶ መሐመድዘይን፣ ገበያ ውስጥ የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ። የፈረሙላትም፣ አክስቷ የቆየች ደንበኛቸው ስለነበረች ነው።

ደወልኩላቸው። «አማረች ታማ ነው» ስል አላስጨረሱኝም። «እኅቴ፣ እኔ የፈረምኩት ብትሰርቅ ብዬ ነው እንጂ ብትታመም ብዬ አይደለም» አሉና ዘጉት።

ደሜ ፈላ። ለሌብነት ሲሆን ተያዥ፣ ለበሽታ ሲሆን ባዳ? መልሼ ደወልኩ። «እንግዲያው ይስሙ። አሠሪዋ ወርቅ ጠፋብኝ ብላለች፤ ፖሊስ ሱቅዎ ድረስ ሳይመጣ ይድረሱ» አልኳቸው። ይምጡ እንጂ እግሯን ሲያዩ አንጀታቸው ይራራል፣ ያኔ እውነቱን እነግራቸዋለሁ ብዬ ነው።

በሃያ ደቂቃ ከች ብለዋል። እኔ ግን መድኃኒቷን ላመጣ ፋርማሲ ሄጄ ነበር። ስመለስ አንድ ሽማግሌ ባዶ የቀረው አልጋዋ አጠገብ ቆመዋል።

«ልጅቷስ?» አልኳቸው።

«ወርቁን አውጪ አልኳት። አልወሰድኩም አለች። ፖሊስ እየመጣ ነው አልኳት። ነርስ ልጠይቅ ዞር ብዬ ስመለስ የለችም።»

ገላኔ ከመተሐራ የመጡትን ስትቀበል አላየቻትም። እውነቱን እዚያው አፈረጥኩት። አቶ መሐመድዘይን ትክ ብለው አዩኝ። «አስተግፊሩላህ» አሉ ቀስ ብለው። «እኔን ብትዋሺኝ ግድ የለም። በእሷ ላይ ግን እንዴት እንዲህ ያለ ነገር ታወሪያለሽ?»

ባጃጅ ይዘን ወጣን። ንፋሱ አቧራውን ያነሳዋል። ባገኘነው ሱቅ ሁሉ፣ እግሯ በፋሻ የተጠቀለለ፣ እያነከሰች የምትሄድ ልጅ አይታችኋል ወይ እንላለን። ማን አግኝቷት ይሆን፣ ወዴት ይዟት ሄዶ ይሆን እያልኩ ጥፍሬን ስበላ ቆየሁ። አሥራ አንድ ሰዓት አለፈ። አልጋዋ ላይ አሁን ሌላ ሰው ተኝቷል።

አሰላ የሚሄዱት ሚኒባሶች ከሚቆሙበት ጀርባ፣ ግንብ ተደግፋ ተቀምጣ አገኘናት። ፋሻው ጠቁሯል። እኛን ስታይ ልትሮጥ ሞከረች፤ እግሯ እምቢ አላት። ከዚያ ፌስታሏን መሬት ላይ ዘረገፈችው። ሁለት ቀሚስ፣ አንድ ሻርፕ፣ የውስጥ ልብሷ ሳይቀር።

«ፈትሹኝ። እኔ የሰው ዕቃ አልነካሁም» አለች። ሰው ተሰብስቦ ያያል፤ ረዳቶቹ እንኳ መንገደኛ መጥራታቸውን ትተዋል።

አጠገቧ ተንበረከክሁ። «ማንም አልከሰሰሽም፣ አማረች። ወርቅ የሚባል ነገር የለም። እሳቸው እንዲመጡ ብዬ እኔ ነኝ የዋሸሁት» አልኩ፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማ ድምፄን ከፍ አድርጌ።

አቶ መሐመድዘይን ጎንበስ ብለው ልብሷን አቧራውን እያራገፉ አጣጠፉት። «ተነሺ ልጄ። ባለቤቴ ከሪማ ቤት ናት። እግርሽ እስኪድን እኛ ጋ ትተኛለሽ፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን አላህ ያውቃል» አሏት። ክንዳቸውን ይዛ ተነሳች። እኔን ቀና ብላ አላየችኝም።

አሁን ፋሻዋን ለማስቀየር በየቀኑ ከወይዘሮ ከሪማ ጋር ትመጣለች። እግሯ እየደረቀ ነው። ከገላኔ ጋር ይሳሳቃሉ። እኔ ስገባ ግን ሳቋን ታቋርጥና ሁለት እጆቿን ከነጠላዋ ውስጥ አውጥታ፣ እንዲታዩኝ ጉልበቷ ላይ ትዘረጋቸዋለች።