የነፋስ ዓይን

አዳማ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ አቧራውን ሲያነሳው ሰው ሁሉ መስኮቱን ይዘጋል። እትዬ አሰለፈች ግን ይከፍታሉ። ዓይናቸው ከጠፋ ዓመታት ቢያልፉም በርጩማቸውን መስኮቱ ሥር አስጠግተው ፊታቸውን ለነፋሱ ይሰጣሉ።

ዛሬ ያ መስኮት ሊደፈን ነው። እሳቸው ያሳደጉት የወንድማቸው ልጅ ዲበኩሉ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነው፤ ግቢው ውስጥ የሚከራይ ክፍል ለመሥራት አስቦ ከዚያ ግድግዳ ሌላ ቦታ አጣ። ደግሞስ ለማያይ ሰው መስኮት ምን ያደርጋል? ይህን ያሰበው በክፋት አልነበረም። አክስቱም «እንደ ወደድክ» አሉት።

ግንበኛው አብዱልመናን ብሎኬቱን ደርድሮ ሲሚንቶ ማቡካት ጀመረ። ዲበኩሉ መስኮቱ አጠገብ፣ ጥላው ውስጥ ተቀምጦ የሰኞን ትምህርት ያዘጋጃል። ከተማሪዎቹ አንዷ ሊዲ፣ «ቲቸር፣ መስኮትን ዊንዶው ያሉት ለምንድን ነው?» ብላ ጠይቃው ነበርና በስልኩ መዝገበ ቃላት ከፈተ። አነበበ። እንደገና አነበበ።

«ምን አገኘህ? ትንፋሽህ ጠፋ እኮ!» አሉ አክስቱ ከውስጥ።

«ዊንዶው የሚለው ቃል፣ እትዬ... እንግሊዞች የወሰዱት ከሺህ ዓመት በፊት ባሕር ተሻግረው ከመጡ የሰሜን ሰዎች ነው። ያኔ መስታወት የለም፤ ግድግዳው ላይ ቀዳዳ ብቻ። ትርጉሙ የነፋስ ዓይን ማለት ነው።»

«የነፋስ ዓይን!» እትዬ አሰለፈች ቃሉን አፋቸው ውስጥ አቆዩት። «ታዲያ እሱንም ልታሳውሩት ነው?»

አብዱልመናን ሳቀ። «በነፋስ ደግሞ ከአቧራ ሌላ ምን ይታያል?»

«ላንተ አቧራ ነው። ትናንት ከሁሩታ በኩል ሲመጣ ገለባ ገለባ ይሸት ነበር፤ እህል እየወቁ ነው። አሁን ከቆቃ ሐይቅ በኩል ዞሯል፤ ውሃ ይሸታል። ሲሚንቶህን ሸፍን።»

«ዝናብ? በኅዳር? ወላሂ እርስዎ ሥራ ሊያስፈቱኝ ነው! ሰማዩ ላይ የእጅ መሐረብ የምታህል ደመና እንኳ የለችም።»

ዲበኩሉ ቀና አለ። እውነትም ሰማዩ ጥርት ብሏል። ቢሆንም ወደ ውስጥ ገብቶ አክስቱ አጠገብ ቆመና ዓይኑን ጨፈነ። መጀመሪያ ሙቀትና የባጃጅ ጩኸት ብቻ ነበር። ቆይቶ ቀጭን ቅዝቃዜ ጉንጩን ነካው፤ ከማያየው ቦታ እርጥብ አፈር ሸተተው።

ሰውነቱን ውርር አደረገው። ስማቸውን የማያውቃቸው ሰዎች በዚያ ብርዳም አገር እንዲህ ቀዳዳ ሥር ቆመው ይህንኑ አውቀውት ነበር። ያወቁትንም በአንድ ቃል አስቀምጠውለት ሄዱ፤ እሱ ግን ቃሉን በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ እየጻፈ ያጠፋው ነበር።

የጣሪያው ቆርቆሮ ላይ ጠብ አለ። ደግሞ ጠብ፤ ከዚያ ዝናቡ ወረደው።

«ያ አላህ!» አብዱልመናን ሸራ ፍለጋ ሮጠ። ከሸራው ሥር ሆኖም ጮኸ፦ «ቲቸር፣ የተቦካው ምን ይሁን?»

«የተሰነጠቀውን የመስኮት ደፍ ለስንበት።»

«ብሎኬቱስ?»

«ክፍሉ ቀርቷል።»

እትዬ አሰለፈች በርጩማቸውን ገፋ አድርገው ቦታ ለቀቁለት። «ጠጋ በል» አሉት። «አሁን ዝናቡ ወደ መልካሳ ሲሻገር ታየዋለህ። ዓይንህን ብቻ አትግለጥ።»